የሞዛርት ሬኪየም፦ ላክሪሞሳ 8ኛው ሜዠር ላይ ይቁም ወይስ ይቀጥል?

በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ያነበብኩትን የውይይት ክር የከፈተው ሰው ጥያቄ ይዞ አልመጣም፤ ፍርድ ይዞ ነው የመጣው። የሞዛርትን ሬኪየም፣ ማለትም የሙታን ቅዳሴ፣ የሚዘምር ኳየር ላክሪሞሳ የተባለው ክፍል ላይ ሲደርስ 8ኛው ሜዠር (ኖታ በምት የሚከፈልበት ክፍል) ላይ ቆሞ ኖታውን መዝጋት አለበት ይላል። ሞዛርት እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 5 ቀን 1791 ቪየና ውስጥ ሲሞት የላክሪሞሳ ረቂቅ የደረሰው እዚያ ድረስ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለው ከሞዛርት ሞት በኋላ ሥራውን ያሟላው የዙስማየር እጅ ነው፤ የሌላን ሰው ሥራ በሞዛርት ስም ማቅረብ ደግሞ አድማጭን ማታለል ነው ሲል ይደመድማል። አጻጻፉ ጨዋ ነው፤ አንባቢውን «እርስዎ» እያለ ነው የሚያነጋግረው። ይህን የማነሳው ክሩ ወደ መሃል ሲደርስ «እርስዎ» ቀርቶ «አንተ» ስለሚመጣ ነው።

መልስ 1 አጭርና አክባሪ ነው፤ ግን የመክፈቻውን መሠረት ነቀነቀው። ላክሪሞሳ 8ኛው ሜዠር ላይ መቋረጡ እውነት ነው። ነገር ግን በቅዳሴው ቅደም ተከተል ከላክሪሞሳ በኋላ የሚመጡትን ዶሚኔ ዬሱን እና ሆስቲያስን ሞዛርት ራሱ አርቅቋቸዋል። ስለዚህ እዚያ ላይ ኖታውን የሚዘጋ ኳየር የዙስማየርን ብቻ ሳይሆን የሞዛርትንም እጅ ይጥላል፤ «ኳም ኦሊም አብራሄ» የሚለው ፉግም (ድምፆች አንዱን ዜማ በየተራ እየተቀበሉ የሚከታተሉበት አጻጻፍ) አብሮ ይቀራል።

መልስ 2 ሥራውን ክፍል በክፍል ዘረዘረው። የመግቢያው ኢንትሮይቱስ፣ 48 ሜዠር፣ ከነመሣሪያዎቹ ሙሉ በሙሉ የሞዛርት ነው። የኪሪዬ 52 ሜዠር አራቱ የኳየር ድምፆችና ባሱ የእሱ ናቸው፤ ድምፆቹን የሚከተሉትን መሣሪያዎች የሞላው ግን ሌላ እጅ ነው። ከዲየስ ኢሬ እስከ ኮንፉታቲስ ድረስ የኳየሩና የሶሎዎቹ ድምፆች፣ ኮርዱን በቁጥር የሚያመለክተው የባስ መስመር፣ አልፎ አልፎም የአንደኛ ቫዮሊን ፍንጮች አሉ። የላክሪሞሳ 8 ሜዠር እንዲሁ። ለሳንክቱስ፣ ለቤኔዲክቱስና ለአኙስ ዴይ በሞዛርት እጅ የተጻፈ ረቂቅ የለም። የመዝጊያው ኮሙኒዮ ደግሞ የኢንትሮይቱስና የኪሪዬ ሙዚቃ በሌላ ቃል ተመልሶ ሲዘመር ነው።

በ3ኛው መልስ አንዲት አንባቢ አመስግና፣ ረቂቅ ሲባል ገጹ ላይ ምን እንደሚታይ በትክክል እንዲነገራት ጠየቀች። ያገኘችው 4ኛው መልስ፣ በእኔ ግምት፣ ከክሩ ሁሉ የበለጠው ነው። መላሹ ገጹን ራሱን ነው ያሳያት። አንድ ትልቅ ወረቀት፣ 12 የኖታ ስታፍ (ኖታ የሚጻፍበት ባለ አምስት መስመር) ከላይ ወደ ታች። ከታች ያሉት አምስቱ፣ ማለትም ሶፕራኖ፣ አልቶ፣ ቴነር፣ ባስ እና ከስራቸው የመሣሪያው ባስ፣ በቀለም ሞልተዋል፤ ቃሉም ከኖታው ስር ተጽፏል። ከላይ ያሉት የነፋስ መሣሪያዎች ስታፎች ባዶ ናቸው። አንደኛው ቫዮሊን የራሱ የሆነ ዜማ የሚይዝበት ቦታ ሲደርስ ብቻ ሁለት ሦስት ሜዠር ብቅ ብሎ ይጠፋል። ሞዛርት ለመቸኮል ብሎ ያደረገው ሳይሆን ሁልጊዜ የሚሠራው እንደዚህ ነው፤ መጀመሪያ ዜማውና ባሱ፣ ከዚያ ሙሌቱ። ስለዚህ የዚህ ሬኪየም ጠባይ ያለው በኳየሩ መስመሮች ውስጥ ነው ይላል መላሹ። የኮንፉታቲስን ወንዶችና ሴቶች የተከራከሩበት ስሜት ያመጣው የጎደለው መሣሪያ አይደለም፤ ሞዛርት ጨርሶ የተወው የድምፅ አጻጻፍ ነው። እኔም የምስማማው በዚህ ነው፤ ስለ ማሟያው የሚደረገው ክርክር ሁሉ ይህን ከረሳ መንገድ ይስታል።

5ኛው መልስ ወደ ወረቀቱ ታሪክ ገባ። የእጅ ጽሑፉ ቪየና በሚገኘው የኦስትሪያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ነው ያለው። በ1958 ለብራስልስ የዓለም ኤግዚቢሽን ተወስዶ ሳለ አንድ ያልታወቀ ሰው ከመጨረሻው የሚቀድመውን ገጽ የታችኛውን ቀኝ ጥግ ቀድዶ ወሰደ። በጥጉ ላይ የነበረው «ኳም ኦሊም» ከመጀመሪያው ይደገም የሚል የሞዛርት አጭር ማሳሰቢያ ነበር። ቁራጩ እስከ ዛሬ አልተገኘም። 6ኛው መልስ በዚያው ላይ ጨመረ፦ የመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ የሞዛርት ፊርማ ከ792 ቁጥር ጋር ተጽፏል፤ ይህም 1792 ማለት ነው። ሞዛርት ደግሞ ከዚያ በፊት ሞቷል። ፊርማውን ያስመሰለው ዙስማየር ነው። ሥራውን ያዘዘው ሰው ሙሉ ሥራ በአንድ እጅ ተጽፎ እንዲደርሰው ይጠብቅ ስለነበር የሞዛርት ባለቤት ኮንስታንዘ የቀረውን ክፍያ እንዳታጣ ጉዳዩ በምስጢር መያዝ ነበረበት።

ያዘዘው ማን እንደሆነ 7ኛው መልስ ተናገረ፦ ካውንት ፍራንስ ፎን ቫልዜግ። ወጣት ሚስቱ አና በፌብሩዋሪ 14 ቀን 1791 ሞታበት ነበር። ሌሎች የጻፉለትን ሙዚቃ በራሱ እጅ ገልብጦ እንደ ራሱ ማቅረብ ይወድ ነበርና ትዕዛዙ በተላላኪ፣ ስም ሳይነገር ነው የደረሰው። ቫልዜግ ዲሴምበር 14 ቀን 1793 ቪነር ኖይሽታት ውስጥ ራሱ መርቶ አሰማው። ከእሱ በፊት ግን በጃንዋሪ 1793 ለኮንስታንዘ መርጃ በቪየና ተሰምቶ ነበር።

8ኛውና 9ኛው መልሶች ወደ ሙዚቃው ተመለሱ። 8ኛው ኪሪዬ ድርብ ፉግ መሆኑን አስረዳ፦ ባሶች «ኪሪዬ ኤሌይሶን» ብለው በከባድ ኖታ ሲነሱ አልቶዎች ወዲያው «ክሪስቴ ኤሌይሶን» ብለው በፈጣን አሥራ ስድስተኛ ኖታዎች ይከተሏቸዋል። የመጀመሪያው ዜማ መሃሉ ላይ ከቢ ፍላት ወደ ሲ ሻርፕ ይወድቃል። ይህ ውድቀት ሄንደል «መሲሕ» ውስጥ ከተጠቀመበት ፉግ ጋር አንድ ነው፤ ሞዛርት ደግሞ «መሲሕን» በ1789 ለቪየና ኦርኬስትራ አዘጋጅቶ ነበርና በደንብ ያውቀው ነበር። 9ኛው በትሕትና አረመ፦ የተወሰደው ከሄንደል ብቻ አይደለም፤ ኢንትሮይቱስ ውስጥ ሶፕራኖዋ ብቻዋን የምትዘምረው «ቴ ዴትሴት» ቶኑስ ፔሬግሪኑስ የሚባለው ጥንታዊ የመዝሙረ ዳዊት ዜማ ነው። አዲስ ሙዚቃ መሃል የቆየ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ሲሰማ አድማጩ የሚያውቀው ጸሎት መሃል የገባ ይመስለዋል።

10ኛው መልስ ከዚህ ሁሉ በፊት መሰማት ያለበት ሌላ ሥራ አለ ብሎ ተነሳ፦ የሚካኤል ሃይድን ሬኪየም በሲ ማይነር። የሳልዝቡርጉ ሊቀ ጳጳስ ሽራተንባህ በዲሴምበር 16 ቀን 1771 ሲያርፉ ሥራው በዚያው ወር መጨረሻ ተጠናቀቀ። የሃይድን ሕፃን ልጅም በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ሞታ ነበር። 15 ዓመት የሆነው ሞዛርት ያኔ ሳልዝቡርግ ነበር። ሁለቱን መግቢያዎች አከታትሎ ያደመጠ ሰው ከስር የሚራመደው ባስና ከላይ ድምፆቹ አንዱ በሌላው ላይ የሚገቡበት መንገድ ከየት እንደመጣ ወዲያው ይገባዋል። መላሹ ይህን ሥራ ይወደዋል፤ ያስታውቅበታል።

ቀጥሎ አንድ የኳየር መሪ (መልስ 11) ባሴት ሆርን (ከክላርኔት ወገን የሆነ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ መሣሪያ) ማግኘት ካልተቻለ ምን እንደሚደረግ ጠየቀ። ይህ ሬኪየም ፍሉት የለውም፣ ኦቦ የለውም፣ ሆርን የለውም። 2 ባሴት ሆርን፣ 2 ባሱን፣ 2 ትራምፔት፣ 3 ትሮምቦን፣ ቲምፓኒ፣ ቫዮሊንና ሌሎች አውታሮች፣ ኦርጋን፤ በቃ። ያ ጥቁር፣ የተሸፈነ የመግቢያ ድምፅ የሚመጣው ባሱኖቹና ባሴት ሆርኖቹ እየተከታተሉ ሲገቡ ነውና ጥያቄው ቀላል አይደለም።

12ኛው መላሽ መልስ አልሰጠም። ተቆጣ እንጂ። ጥያቄው ስለ 8ኛው ሜዠር ሆኖ ሳለ የመሣሪያ ገበያ ተከፈተ ሲል ጽፎ መሪውን «አንተ» ብሎ ጠራው፤ ባሴት ሆርን ከሌለህ ሌላ ሥራ ምረጥ አለው። 13ኛው ይህን ስድብ ለቆ ወደ ሥራው ገባ። የባሴት ሆርን ኖታ ከተጻፈበት አንድ ፍጹም አምስተኛ ዝቅ ብሎ ይሰማል። ለቢ ፍላት ክላርኔት የሚገለብጥ ሰው እያንዳንዱን ኖታ አንድ ፍጹም አራተኛ ዝቅ አድርጎ ይጻፍ፤ ዲ ማይነር የሆነው ክፍል ለተጫዋቹ ኢ ማይነር፣ አንድ ሻርፕ ብቻ ይሆናል። ለኤ ክላርኔት ቢገለበጥ ግን ኤፍ ማይነር፣ 4 ፍላት ይሆናልና ቢ ፍላቱ ይሻላል። የክላርኔቱ የመጨረሻ ዝቅተኛ ኖታ የሚሰማው ዲ ላይ ነው፤ ባሴት ሆርኑ ከዚያ በታች የሚወርድበት ቦታ ካለ ኖታው ለባሱን ይሰጥ እንጂ አንድ ኦክታቭ ከፍ አይደረግ፤ ከፍ ሲል ከቫዮሊኑ ጋር ይጋጭና የቦታው ጥላ ይጠፋል። ተጫዋቾቹም እንደ ሶሎ ክላርኔት አብርተው እንዳይነፉ አስቀድሞ ይነገራቸው።

14ኛው ስለ ትሮምቦን ጨመረ። አልቶ፣ ቴነርና ባስ ትሮምቦን የየስማቸውን የኳየር ድምፅ ይከተላሉ፤ የኦስትሪያ ቤተ ክርስቲያን ልማድ ነው። ሶፕራኖ ግን የሚከተላት ትሮምቦን የላትም። ስለዚህ ዛሬ ሰፊ ቧንቧ ባላቸው ትሮምቦኖች ሲጫወቱ ሦስቱ የታችኛ ድምፆች ያብጡና ሶፕራኖ ብቻዋን ከላይ ተንጠልጥላ ትቀራለች። መፍትሔው ሁለት ነው፦ የተጻፈውን ጥንካሬ በአንድ ደረጃ ዝቅ ማድረግና ተጫዋቾቹን ኳየሩ ጎን ማስቀመጥ፤ የኳየሩን ቃል እየሰሙ እንዲጫወቱ። የአልቶውን ክፍል በቴነር ትሮምቦን የሚጫወት ካለ የላይኞቹ ኖታዎች ይከብዱትና ጮክ ብሎ ይነፋቸዋል፤ ችግሩ ብዙ ጊዜ ከዚያ ነው የሚጀምረው። ቱባ ሚሩም ላይ ግን ቴነሩ ትሮምቦን ብቻውን ነው የሚከፍተው። ቴምፖው አንዳንቴ ሆኖ በሜዠር ሁለት ምት ነውና በአራት እየቆጠሩ ማጓተት ለተጫዋቹም ለባስ ዘማሪውም ትንፋሽ ይጨርሳል።

15ኛው መልስ ሞዛርትን የዘመኑ አቀናባሪ ሳሊየሪ መርዞታል የሚለውን አሮጌ ወሬ ይዞ መጣ። 16ኛው በኃይል ቆረጠው። የሞት መዝገቡ የጻፈው ብርቱ ሽፍታ ያለበት ትኩሳት ነው፤ ሳሊየሪ ደግሞ በኋላ የሞዛርትን ልጅ ፍራንስ ዛቨርን ሙዚቃ ያስተማረ ሰው ነው። ሰውን ያለ ማስረጃ ነፍሰ ገዳይ ማድረግ ከሞተ በኋላም ነውር ነው ብሎ ዘጋ። ትክክል ነው።

ከዚያ 17ኛው መልስ ከርዕሱ ወጣ፤ መውጣቱ ግን ጠቀመ። ሬኪየምን በአማርኛ ፍትሐት ማለት እንችላለን ወይ የሚል ነበር። 18ኛው፣ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያለው እንደሆነ የሚያስታውቅ ሰው፣ በአክብሮት አይሆንም አለ። ፍትሐት ለሞተው ሰው የሚደረስ የመፍታት ጸሎት ነው፤ ሬኪየም ደግሞ መግቢያ፣ ቁርባንና ሥርዓቱ ሁሉ ያለው ሙሉ ቅዳሴ ነው። የሙታን ቅዳሴ ቢባል ይቀርባል። ቃሉ ራሱ ግን ከመጀመሪያው መስመር የተወሰደ «ዕረፍትን» ማለት ነው፤ የዘላለም ዕረፍትን ስጣቸው ከሚለው። አማርኛ «አረፈ» ሲል መሞትንም ማረፍንም ስለሚይዝ፣ መተርጎም ካስፈለገ አንባቢው ሩቅ አይሄድም።

19ኛው ቃሉ ከተነሳ አይቀር አነጋገሩም ይነሳ አለ። በቪየና ሥርዓት ላቲኑ በጀርመንኛ አፍ ነው የሚነገረው፤ «ሬክቪዬም» ይባላል፣ ጣሊያኖቹ «ሉቼአት» የሚሉት «ሉትሴአት» ይሆናል። እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪ ዘማሪ የሚሳሳተው ሁለት ቦታ ነው። አንደኛ፣ ድምፁን «ጸ» ያደርገዋል፤ የእኛ «ጸ» ጉሮሮ ዘግቶ የሚፈነዳ ስለሆነ ከሙዚቃው መስመር ላይ እንደ ጠጠር ይሰማል። ትና ስ ለስልሰው አንድ ላይ መውጣት አለባቸው። ሁለተኛ፣ ተነባቢዎች ሲደራረቡ ሳናስበው «እ» እናስገባለን። «ሳንክቱስ» ሁለት ክፍለ ቃል ነው፤ «ሳንክእቱስ» ሲባል ሦስት ይሆንና ክፍሉ ከኦርኬስትራው ዘግይቶ ይደርሳል። ይህን መልስ ብዙዎች አመሰገኑ።

20ኛው የልምምድ መመሪያ ነው፤ ረጅም ነው፣ ሁሉንም አልደግመውም። ኪሪዬን መጀመሪያ በደቂቃ 66 ምት፣ ቃል ሳይኖር፣ እያንዳንዱን ፈጣን ኖታ ነጠል አድርጎ መዘመር፤ ሲጠራ በ6 በ6 እየጨመሩ ወደ 102 መድረስ። በየኖታው መሃል «ሀ» የሚያስገባ ዘማሪ ትንፋሹ ቶሎ ያልቅበታል፤ እሱን ማረም የመሪው ሥራ ነው። የኪሪዬው መጨረሻ ኤፍ የሌለበት፣ ዲና ኤ ብቻ የሆነ ባዶ አምስተኛ ነው፤ ዝቅ ያለ አንድ ሰው ካለ የሚደበቅበት የለም። ኮንፉታቲስ ላይ «ኦሮ ሱፕሌክስ» ሲደርስ ደግሞ ሙዚቃው ራሱ ግማሽ ቶን በግማሽ ቶን ይወርዳል፦ ከኤ ማይነር ወደ ኤ ፍላት ማይነር፣ ከዚያ ጂ ማይነር፣ መጨረሻ ኤፍ ሜጀር። ኳየሩ ሞዛርት የጻፈውን መውረድና የራሱን መዝቀጥ መለየት ያቅተዋል። የመጨረሻው ኤፍ ሜጀር ላይ ብቻ ፒያኖ መንካት፣ በመሃል አለመንካት፤ ከቶኑ ወርደው ከተገኙ ባሶቹን ለብቻ መመለስ።

21ኛው መልስ ወደ መክፈቻው ተመለሰ፤ በዙስማየር ላይም አልራራም። ሳንክቱስ ውስጥ ተማሪ የሚቀጣበት ትይዩ አምስተኛ (ሁለት ድምፆች በአምስተኛ ርቀት አብረው የሚንቀሳቀሱበት ስህተት) አለ፤ የኦሳና ፉግ ገና ሲጀምር ያልቃል። ከሁሉ የከፋው ኦሳና መጀመሪያ በዲ ሜጀር ተዘምሮ ከቤኔዲክቱስ በኋላ በቢ ፍላት ሜጀር መመለሱ ነው፤ በዘመኑ ቅዳሴ አንዱ ኦሳና በአንድ ቁልፍ ነው የሚደገመው። 22ኛው ግን «አንተ» እያለ ጠየቀው፦ የሳንክቱስ ሶፕራኖ ዜማ የዲየስ ኢሬ ዜማ ወደ ሜጀር የተለወጠ መሆኑን፣ አኙስ ዴይም ላይ የኳየሩ ባስ የመግቢያውን ዜማ ይዞ እንደሚሄድ አላየህም ወይ? ኮንስታንዘ ከሞዛርት ጠረጴዛ የተገኙ የወረቀት ቁርጥራጮችን ለዙስማየር እንደሰጠች የዘመኑ ሙዚቀኛ ማክሲሚሊያን ሽታድለር ጽፏል። ስለዚህ ክፍሎቹን ጠቅልሎ መጣል ሞዛርትንም መጣል ሊሆን ይችላል። 23ኛው በዚህ ላይ በበርሊን የተገኘውን የ16 ሜዠር የአሜን ፉግ ንድፍ አስታወሰ፤ ዜማው የመግቢያው ዜማ ተገልብጦ ነው። ዙስማየር በሁለት ኮርድ የዘጋውን ላክሪሞሳ የዘመናችን አሟይ ሮበርት ሌቪን በዚህ ፉግ ዘግቶታል፤ ሁለተኛውንም ኦሳና ወደ ዲ ሜጀር መልሶታል።

ክሩን የከፈተው ሰው በ24ኛው ተመልሶ መጣ፣ «እርስዎ»ንም ይዞ። ስለ ዶሚኔ ዬሱ ስህተቱን ተቀበለ። ነገር ግን አንድ ጊዜ ረቂቁን ብቻ፣ በባዶ ቦታዎቹ ሳይቀር፣ ማሰማት አሁንም እፈልጋለሁ አለ፤ 8ኛው ሜዠር ላይ እንዴት ነው የሚቆመው ሲል ጠየቀ።

25ኛው መለሰለት። ላክሪሞሳ 5ኛው ሜዠር ላይ ሶፕራኖ ከታችኛው ዲ ትነሳለች፤ መጀመሪያ በዕረፍት እየተቆራረጠች፣ ከዚያ በግማሽ ቶን እየተጎተተች፣ በአራት ሜዠር ውስጥ ላይኛው ኤ ላይ ትደርሳለች። 6ኛው ላይ ድምፅ የጨረሰ ኳየር 8ኛው ላይ ይጮኻል እንጂ አይዘምርም፤ ስለዚህ እስከ 7ኛው አጋማሽ ለስላሳ ይያዝ። «ሬኡስ» የሚለው ቃል የሚያርፈው ኤ ሜጀር ላይ ነው፤ ወደ ዲ ማይነር መመለስ የሚፈልግ፣ ያልተመለሰ ኮርድ። መሪው ኮርዱን አያርዝመው፣ አያዘግየውም። «ስ»ን ሁሉም አንድ ላይ ይዝጉ፣ እጁ ግን አይውረድ። የዶሚኔ ዬሱ ጂ ማይነር እስኪጀምር ድረስ ማንም ገጽ እንዳይገልጥ ኖታው አስቀድሞ በአንድ ገጽ ላይ ይለጠፍ።